ደራሽ ጎርፍ በሰሜን ሸዋ ቆላ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት ሲቃረብ በሸዋ ሮቢት፣ በጀውሃ፣ በአታዬና በዙሪያቸው ባሉ የወንዝ ዳር ቀበሌዎች የሚነሳው ጥያቄ ዓመት ዓመት ተመሳሳይ ነው። እኔም ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ጎረቤት የሚጠይቀኝን፣ ከአዲስ አበባ እየደወሉ ስለ ቤተሰባቸው የሚጨነቁ ሰዎች የሚጠይቁኝን፣ ራሴም ትልልቆቹን የጠየቅሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ረጅሙን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ይህችን ይያዝ፦ ቆላ ያለ ሰው ማየት ያለበት ከአናቱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ተራራውን ነው።

እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከየት ይመጣል?

ከደጋው። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት ደግሞ በመኪና መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መኪናው ፍሬኑ እየሸተተ የሚወርደውን ቁልቁለት ውሃው ያለ ፍሬን ይወርደዋል።

እስኪ ሒሳቡን እናስላው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ 40 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ተደፋ ማለት ነው። ዝናቡ የያዘው ተዳፋት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ውሃው 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ግማሹን መሬት ጠጣው ብንል እንኳ 2 ሚሊዮን ይቀራል። 20,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ ቢጫን 100,000 ቦቴ ነው። ያ ሁሉ ከየሸንተረሩ ተሰብስቦ በአንድ ወንዝ አፍ ይወጣል።

መሬቱም አያግዝም። ገደል ነው፤ አፈሩ ስስ ነው፤ ብዙ ቦታ ድንጋዩ አግጥጧል። ውሃው የሚዘገይበት ነገር ያጣል። ስለዚህ ጠዋት ልጆች የሚራጩበት ወንዝ ማታ ግንድ ይዞ ይመጣል።

ደራሽ ሲመጣ በምን እናውቃለን?

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅ ነበርኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ አጎቴ ሽንኩርት የጫነ አህያውን ውሃ ሊያጠጣ ወርዷል። አንዲት እናት የምታጥበውን ነጠላ ይዛ ቀጥ አለች። ነጠላው ላይ ጭድ ተጣብቋል። ውሃው የሻይ መልክ ይዟል። "ኧረ ውሃው ደፈረሰ! ውጡ! ልጆቹን ያዙ!" ብላ ጮኸች። ሳሙናውን ድንጋይ ላይ እንደተወ ሁሉም ሮጠ። አጎቴ ግን አህያውን ሊጎትት ቆየ። ዳር ላይ ያሉት "ጋሼ፣ ይተዉት! ይተዉት!" እያሉ ነው በእጁ ጎትተው ያወጡት።

መጀመሪያ የመጣው ውሃ አይመስልም ነበር። ቅርንጫፍ፣ አረፋ፣ ቅጠል፣ አንድ እግር ጫማ ከፊት ከፊት እየተንከባለለ መጣ። ድምፁ ዳገት እንደያዘ ሲኖትራክ ነው። ከእግራችን ስር መሬቱ ይርገበገባል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ነው። የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ያቺ እናት ከጮኸችበት ጊዜ የጎርፉ ግንባር እስኪደርስ ድረስ አንድ ሲኒ ቡና ፉት ብሎ የመጨረስ ያህል ነበር። አህያውን ወሰደው። አጎቴ ተረፈ። እስከ ዛሬ የሚያመሰግነው ያቺን ሴት ነው።

እንግዲህ ምልክቱ ይሄው ነው። የውሃው መልክ በድንገት ሲለወጥ፣ ጭድና ቅጠል ሲበዛ፣ አረፋ ሲመጣ፣ ከላይ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ሲሰማ ምንም ሳትጠይቁ ውጡ። ሌላም አለ። ይፈስ የነበረ ወንዝ ያለ ምክንያት ድንገት ቢጎድልም ውጡ። ከላይ ናዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። የዘጋው ሲበጠስ የሚመጣው ከሁሉም የከፋ ነው።

ስንት ሰዓት አለን?

ደራሽ የሚባለው ዝናቡ ከጣለ በ6 ሰዓት ውስጥ የሚደርስ ጎርፍ ነው። በእኛ ቁልቁለት ግን ከዚያ ብዙ ሊያጥር ይችላል። የክረምት ዝናብ ደጋው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ውሃው ቆላ የሚደርሰው ሲመሻሽ ወይም ሌሊት ነው። ሰው እራት ላይ፣ ልጆች እንቅልፍ ላይ ሲሆኑ ማለት ነው።

ደጋ ያለው ዘመዳችን ምን ሊረዳን ይችላል?

ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም።

እዚህ ቆላ ያለን ብዙዎቻችን ደብረ ሲና፣ ጣርማ በር፣ መዘዞ ወይም መንዝ ዘመድ አለን። ገበያ ያገናኘናል፤ ጋብቻ ያገናኘናል። እሱ ከመስኮቱ የሚያየውን ዝናብ እኛ አናየውም። አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚፈለገው። "እዚህ ከባድ ጥሏል፤ ወንዙ ሞልቷል፤ ተነሱ" ካለ በቂ ነው።

ነገር ግን ይህ በደግነት ብቻ እንዳይቀር። ከሰኔ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ማን ይደውላል? ለማን? ያኛው ስልኩን ባያነሳስ ለማን ይደወላል? አንድ ሰው ላይ አትንጠልጠሉ፤ ሁለት ሦስት ይሁኑ። ሌሊት ስልክ የማይዘጋ ሰው ይመረጥ። ዝናብ ሲበዛ ኔትወርክ ሊጠፋ፣ መብራት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ደዋዩ "ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ" አይበል፤ ደመናው ሲጠቁር ገና ይደውል። ስልክ የተቀበለው ሰው ደግሞ ለራሱ ቤት ብቻ አይያዘው። ቤት ለቤት እያንኳኳ ይንገር። የቤተ ክርስቲያን ደወልም ሆነ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ቢውል የሚቃወም ሰው አላየሁም።

ከአስር ጥሪ ዘጠኙ ውሃ ሳይመጣ ያልፍ ይሆናል። "በከንቱ አስነሳኸን" ብላችሁ ደዋዩን አታሳፍሩት። ካፈረ በአሥረኛው ቀን አይደውልም።

ውሃው እኮ ጉልበት አይደርስም። መሻገር አይቻልም?

አይቻልም። በፍጥነት የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። ይህ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋን ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከስር ደግሞ የሚንከባለል ድንጋይ አለ። የትናንቱ መሻገሪያ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው ስለደፈረሰ አይታይም።

አበው "እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ" የሚሉት በደንብ አይተውት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው። ሁለተኛውም ቀላል ነው። መሀል ላይ ሲደርሱ መመለሻ የለም። ዳር ላይ ቆመው "ሂድ፣ ትችላለህ" የሚሉ ጓደኞች ካሉ እነሱን አትስሙ። እባካችሁ፣ ወጣቶች በተለይ።

በመኪናስ? በባጃጅስ?

30 ሳንቲ ሜትር የሚወርድ ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ ይችላል። 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ባጃጅ ጭራሽ አይታሰብ። ሹፌሩ "ልሞክር" ካለ ውረዱ። የከፈላችሁት ሂሳብ ይቅር።

ቤታችን የጎርፍ መንገድ ላይ መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ወንዝ ዳር ያለውን ግራር ቀና ብላችሁ እዩት። ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ጭድ፣ ጨርቅ፣ የፌስታል ቁራጭ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ወፍ የሠራችው ጎጆ አይምሰላችሁ። ውሃው አንድ ቀን እስከዚያ ደርሶ ነበር። አንዳንዱ ከሰው ራስ በላይ ነው። ያን ከፍታ በዓይናችሁ ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ዙሩና የበራችሁ መድረክ ከዚያ በላይ ነው ወይስ በታች ብላችሁ ለኩ።

መሬቱም ይናገራል። ጓሯችሁን ስትቆፍሩ ክብ ክብ፣ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ከወጣ እዚያ ወንዝ አልፎ ያውቃል። ወንዝ ደግሞ የድሮ መንገዱን አይረሳም። ከዚህ ሁሉ በላይ ሽማግሌ ጠይቁ። "እትዬ፣ ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?" ብትሏቸው በጣታቸው ያሳዩአችኋል።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ወንዝ ዳር ያለ መሬት ለጥ ያለ ነው፤ በበጋ ደረቅ ነው፤ ርካሽ ነው። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው፣ ውሃውን አይቶ የማያውቅ ሰው ይገዛዋል። ሻጩ ያውቃል፤ አይናገርም። ዘመዳችሁ ቦታ ሊገዛ ሲል በበጋ አይታችሁ ብቻ አትመርቁለት። በነሐሴም ሄዳችሁ እዩ።

ሌሊት ቢመጣ ምን አዘጋጅተን እንደር?

የምትወጡበትን መንገድ አስቀድማችሁ በቀን ሂዱበት። ልጆቹን ይዛችሁ፣ አያትን ይዛችሁ። ወዴት እንደምትወጡ ሁሉም ይወቅ። መንገዱ ወንዝ ወይም ፍሳሽ ቦይ የሚያቋርጥ ከሆነ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

መታወቂያ፣ የመሬት ደብተር ወይም የቤት ካርታ፣ የልጆች ክትባት ካርድ፣ የዘወትር መድኃኒት በአንድ ድርብ ፌስታል ውስጥ ታስሮ በሩ አጠገብ ይሰቀል። ወረቀቶቹን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ከተማ ላለ ልጃችሁ በቴሌግራም ላኩለት። ባትሪ መብራት እጅ ይግባ። እህሉ መሬት ላይ ካለ ቆጥ ላይ ይውጣ። ግን ይህን የምታደርጉት ቀድማችሁ ነው። ውሃ ሲመጣ ለማሽላ ጆንያ የሚመለስ ሰው አይኑር። ጊዜ ካለ ብቻ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። እግራችሁ እርጥብ ከሆነ ቆጣሪ አትንኩ።

ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ፖሊስ 991።

ከብቶቹስ?

በክረምት ማታ ወንዝ ዳር አታስሯቸው። ውሃ ከመጣ ደግሞ ገመዱን ቁረጡት። ያልታሰረ ከብት ዳገት ያውቃል፤ የታሰረ ግን ቆሞ ይሞታል።

ድሬዳዋ የደረሰው እዚህ ሊደርስ ይችላል?

አወራረዱ አንድ ነው። ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ዝናቡ የጣለው በስተደቡብ ካሉት ደጋማ ቦታዎች ላይ ነበር። ከተማው ተኝቶ ነበር። ደረቅ ወንዝ፣ ከላይ ተራራ፣ የሌሊት ሰዓት። ሦስቱም እኛ ጋ አሉ።

ልጄ የምትኖረው ባህር ዳርቻ ነው፣ ጅቡቲ። እዚያስ ጎርፉ እንዴት ነው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቁ እናቶች ብዙ ናቸው። ጅቡቲም ጅዳም የሰሜን ሸዋ ልጅ ሞልቷል።

ባህር ዳርቻ ያለ ዝቅተኛ ከተማ በሁለት በኩል ነው የሚያሰጋው። አንደኛው ከባህሩ በኩል ነው። ከባድ አውሎ ነፋስ ገና ባህሩ ላይ ሳለ ውሃውን ወደ የብስ ይገፋዋል። በአውሎ ነፋሱ መሀል የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ባህሩ ራሱ ከፍ ይላል፤ ግፊቱ በ1 ሄክቶ ፓስካል ሲቀንስ ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነሳል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን ነፋሱ ነው። ዳርቻው ጥልቀት ከሌለው ውሃው መሄጃ አጥቶ ይከመራል። ባህሩ በየቀኑ ከፍ በሚልበት ሰዓት ከገጠመ ደግሞ ይብሳል። እዚያም እንደ እኛው፣ ዝናብ ሳይጥል ውሃ ደጃፍ ሊደርስ ይችላል። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ ቤይራ የምትባለውን የሞዛምቢክ የወደብ ከተማ ሲመታ ባህሩም ወንዞቹም ነበሩ የመጡት።

ሁለተኛው ከጀርባ በኩል ነው፣ ከተራራው። ኅዳር 2002 ዓ.ም. ጅዳ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች የሞቱት ባህሩ ወጥቶ አይደለም። ደረቅ ሸለቆዎቹ በጥቂት ሰዓት ዝናብ ሞልተው ከተማው ላይ ፈሰሱ። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ጅቡቲን ሲያጥለቀልቅም ብዙውን ያደረገው ዝናቡ ነው።

ስለዚህ ለልጅሽ ስትደውዪ ሁለት ነገር ንገሪያት። የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከተሰማ ከባህሩ ዳር ትራቅ። ስትርቅ ደግሞ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወይም ድልድይ ስር አትጠለል።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃና ምግቡ እንዴት ይሁን?

ጎርፍ ሽንት ቤቱንም፣ በረቱንም፣ መቃብሩንም አጥቦ ነው የሚመጣው። የጉድጓድ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አትመኑት። አፍሉት። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ደብረ ሲና ያላችሁ 3 ደቂቃ። ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ ነው። ማገዶ ከሌለ ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ተጠቀሙ፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን አትቀንሱ።

ጎርፍ የነካው ቲማቲም አንጀት ቢበላም ይጣል። ጥሬ የሚበላ ነገር ሁሉ ይጣል። ያፈራነውን ስንጥል ምን ያህል እንደሚያም አውቀዋለሁ፤ ግን አንድ ሕፃን በተቅማጥ ከመያዝ ይሻላል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ኦአርኤስ እያጠጣችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቤት ስትጠርጉ ጫማ አድርጉ። ደለሉ ውስጥ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ እባብም አለ።

ወባስ?

ጎርፉ ራሱ የትንኝ ዕጭ ጠርጎ ይወስዳል። ችግሩ ሲጎድል ነው። የከብት ኮቴ የረገጠው ቦታ ሁሉ ውሃ ይቋጥራል። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ ጭቃው ሳይደርቅ ኩሬውን አፍስሱ፣ ድፈኑ። አጎበር ታጥቦ ይሰቀል። ትኩሳት ከመጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ምርመራ።

እርከንና ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ የድንጋይ ግንብ) ያድነናል?

ይረዳል። ብቻውን ግን አያድንም።

እኛ ሰፈር ወንዝ ዳር የድንጋይ ግንብ ተሠርቶ ነበር። ሁላችንም ተደሰትን። መሠረቱ ግን ጥልቀት አልነበረውም። ውሃው ከስሩ በላው፤ በሁለተኛው ክረምት ተጋደመ። የባሰው ደግሞ ግንቡን ተማምነው ቤታቸውን ወደ ወንዙ ያስጠጉ ሰዎች መኖራቸው ነው። ጋቢዮን ሲሠራ "መሠረቱ ስንት ሜትር ወረደ?" ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ጠይቁ።

ዋናው ሥራ ያለው ላይ ነው። ጥርና የካቲት ደጋው ላይ ለተፋሰስ ሥራ አካፋና ዶማ ይዞ የሚወጣው ገበሬ የሚሠራው ለራሱ ማሳ ብቻ አይደለም። እርከኑ የዘገየው ውሃ የእኛን በር አያንኳኳም። በደብረ ሲናና በአንኮበር መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ገደሉን ይዞት ነው ያለው። መንዝ ጓሳን ደግሞ ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ጠብቆታል። እዚያ ሄዳችሁ ሣሩን በእጃችሁ ግለጡት። ስሩ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ዝናብ ካቆመ ከቀናት በኋላም ጠብ ጠብ ይላል። ያ ሣር ተላጭቶ ቢሆን ኖሮ ውሃው ሁሉ በአንድ ማታ ይወርድ ነበር። ደጋ ያለ ወገኔ ሆይ፣ አንድ ዛፍ ስትቆርጥ ታች ያለነውን አስበን።

ዘንድሮ ክረምቱ ከባድ ይሆናል?

የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከየወቅቱ በፊት ትንበያ ያወጣል፤ በሬዲዮ ተከታተሉ። ነገር ግን "መደበኛ ክረምት" ተባለ ብላችሁ አትዘናጉ። ደራሽ ለመምጣት አንድ ከባድ ከሰዓት ይበቃዋል። በበልግም ይመጣል።

ውሃው ጎደለ የሚባለው መቼ ነው? መቼ እንሻገር?

የመጀመሪያው ግንባር ካለፈ በኋላ ውሃው ዝቅ ይላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሌላው ገባር የሚመጣው ውሃ ገና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

በየመሻገሪያው ሰው የሚያውቀው ድንጋይ አለ። እኛ ጋ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሴቶች ልብስ የሚወቅጡበት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነው። እሱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ፣ የወንዙ ወለል በዓይን ሳይታይ፣ ደጋ ያለው ዘመድም "እዚህ አባርቷል" ሳይል የሚሻገር የለም። ከመሸ ደግሞ ጥያቄም የለም። በወዲህ በኩል ያለው ቤት በር ይንኳኳል፤ "የመሸብኝ እንግዳ" ይባላል። ምንጣፉ ይነጠፋል፤ ቤት ላሉት ተደውሎ "በወዲህ በኩል ነው ያለሁት፣ ጠዋት እመጣለሁ" ይባላል።